ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር

አዲስ አበባን ሊጎበኝ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙዚየሞችንና አብያተ ክርስቲያናትን ያስቀድማል፤ እኔ ግን በዚህ ጉዞዬ ያስቀደምሁት ብሔራዊ ቴአትርን ነው። ከለገሃር ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እንደተጓዝሁ በመጀመሪያ የተቀበለኝ ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ የሠራው ግዙፍ የድንጋይ አንበሳ ነበር። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ ሕያው አውሬ ሲመስል፣ ይህኛው በተሳሉ ጠርዞችና በሰፋፊ ገጾች የታነጸ በመሆኑ፣ ዙሪያውን እየዞሩ ካላዩት በቀር ውበቱ አይገለጥም።

የሕንፃው ሥራ የተጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ አዳራሽነት ታስቦ ነው። ከነፃነት በኋላ ተሻሽሎ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተመረቀ፤ የመክፈቻውም ቴአትር የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ድርሰት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የዛሬ ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ ወዲህ ነው።

ከቤቱ ታሪክ እኔን አብልጦ የሚማርከኝ የሙዚቃው ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርመናውያን ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉትን፣ ያሠለጠነው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ደግሞ በዚህ ቴአትር ቤት ለረጅም ዘመን ሙዚቀኞችን አስተምሯል፣ የአገራችንንም ቅኝቶች ለዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች አቀናብሯል። ከጥሩንባና ከሳክስፎን ጋር ትዝታንና ባቲን ዛሬ ያለ ባዕድነት የምንሰማው እንዲህ ባሉ ሰዎች ድካም መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውስም፤ ሊታወስ ግን በእጅጉ ይገባል። በድርሰቱም በኩል ኦቴሎንና ሃምሌትን ወደ አማርኛ የመለሱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቤቱን በኃላፊነት መርተዋል።

ትኬት ቆርጬ ስገባ አዳራሹ ገና አልሞላም ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት «ወደ መካከል ጠጋ በል ልጄ፣ ከዚህ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል» አሉኝ፤ እውነትም ተዋናዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው ሁሉ አላመለጠኝም። መጋረጃው ሲከፈት የመድረኩ ስፋት ያስደንቃል፤ ቴአትርን በቴሌቪዥን ብቻ ለሚያውቅ ሰው፣ ተመልካቹ በአንድነት ሲስቅና ሲያጨበጭብ መስማት ብቻውን ከቤት የሚያስወጣ ነው።

ሊጎበኙት ለሚያስቡ የምመክረው፣ ሕንፃውን ከውጭ አይቶ ከማለፍ ይልቅ ቴአትር የሚታይበትን ቀን አስቀድመው ጠይቀው፣ ሐውልቱን በብርሃን ለማየት እንዲችሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲደርሱ ነው።