ሮም ውስጥ የሌለ ሐውልት ፍለጋ

«ብቻሽን?» አለችኝ እናቴ።

የደወልኩላት ከሮም ባቡር ጣቢያ ነው፣ ተርሚኒ ከሚባለው። አዎ፣ ብቻዬን ነኝ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ምነው፣ ከልጆቹ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» አለች። እናቴ ዘንድ ሰው ብቻውን የሚዞረው ወይ ተጣልቶ ነው ወይ ከፍቶት። ለሽርሽር ብሎ ብቻውን የሚወጣ ሰው አታውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ቦሎኛ ሄደን ነበር። ሲያልቅ ሌሎቹ ሚላን ሄደን ልብስ እንገዛለን አሉ። የኔ በረራ ደግሞ ከሮም ነው፣ ማታ። ስለዚህ በጠዋት ባቡር ተሳፍሬ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዤ፣ ሮም ወረድኩ። ሻንጣዬን ጣቢያው አጠገብ ዕቃ የሚያስቀምጡ ሰዎች ጋ ተውኩ። አዲሱን ጫማዬን አጥብቄ አሰርኩና ወጣሁ። አዲስ ጫማ። ይቺን ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

መጀመሪያ ቡና። እዚያ አገር ቡና የሚጠጣው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ በቁም ነው፤ ቁጭ ካሉ ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል። እኔም እንደ አገሬው ቆምኩና በሙሉ ልብ «ማኪያቶ» አልኩ። ያመጡልኝ አውራ ጣቴን የምታክል ስኒ ናት፤ ጥቁር ቡና ላይ ወተት ጠብ ያለባት። ማኪያቶ ማለት ለካ «እድፍ የነካው» ማለት ነው። እኛ ስሙን ወስደን፣ ብርጭቆ ሰጥተን፣ ወተቱን ሞልተን የራሳችን አድርገነዋል። በሁለት ጉንጭ አለቀ። ጥሩ ቡና ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ማኪያቶ አይደለም።

ከዚያ ውጭ ስወጣ የአውቶቡስ ማቆሚያው ምልክት ላይ «ፌርማታ» ይላል። በላቲን ፊደል፣ በትልቁ። ሳቄ መጣ። አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር «እይ እይ» እለው ነበር። የለም። ብቻዬን ሳቅኩ፤ አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ጠጋ አደረገች።

ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። የትኞቹ አምስት መቶ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። በቀን ስንት ሺህ ሰው አውቶቡስ የሚጠብቅበት ቦታ ስሙ ከኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ አጠገቤ ሻንጣ የሚጎትቱት ሁሉ ግን ይሄን የሚያውቁ አይመስሉም። እልፍ ብሎ ትንሽ መናፈሻ ነገር አለች። እዚያ ውስጥ ለሟቾቹ መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ። የሚገርመው ሐውልቱ ራሱ የጣልያን አይደለም። የግብፅ ነው፣ የዳግማዊ ራምሴስ። ሰዎቹ የራሳቸውን ሐዘን እንኳ የቆሙት በሰው ሐውልት ነው!

በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ የነቀሉትን የይሁዳ አንበሳም አምጥተው እዚሁ አኑረውት ነበር። ዘርአይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. አንበሳውን አይቶ ሰይፍ መዘዘ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አንበሳው አሁን ለገሃር ነው፤ በታክሲ ሳልፍ ቀና ብዬም አላየውም። ዘርአይ ግን ሳይመለስ እዚያው ጣልያን ሞተ። አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ርግቦች ፒዛ ይበላሉ። ሌላ ምንም የለም።

የቀኑን ዕቅድ የወሰንኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ትሬቪ ፏፏቴ አልሄድም። ቫቲካንም አልሄድም፣ ሰልፉን በስልኬ አይቼው ደክሞኛል። (ይሄን ስል የተቆጡኝ ሰዎች ቁጥር! «ሮም ሄደሽ ሳንቲም ሳትወረውሪ?» አዎ፣ ሳልወረውር።) አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሮም ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ በማታ፣ የአክሱምን ሐውልት አልፎ። በቃ እሱን እከተላለሁ አልኩ።

በካቩር መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። ጫማው መንከስ የጀመረው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ኮሎሲየም ስደርስ የዕለቱ ቲኬት አልቋል፤ ቀድሜ መግዛት ነበረብኝ፣ የራሴ ጥፋት ነው። በሩ አካባቢ «ቲኬት፣ ቲኬት» የሚሉትን አልፌ ከውጭ አንድ ዙር ዞርኩት። ትልቅ ነው። ስለሱ ሌላ ሰው ይጻፍ።

ካምፒዶሊዮ የሚባለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። የ1952ቱ የኦሎምፒክ ማራቶን የተነሳው ከዚህ ነው። ቀኑ ጳጉሜን 5 ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ አገር ቤት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፣ ችቦ የሚለኮስበት ምሽት። እዚህ ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሩጫው ተጀምሮ፣ ከከተማ ውጭ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ሲመለሱ ጨለማ ሆኖ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩላቸው ነበር። ይሄን የችቦ ነገር ዋዜማ ከመሆኑ ጋር አያይዞ የነገረኝ ሰው የለም፤ እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ቀን ስቆጥር ነው የገባኝ። ለእናቴ ልደውልላት አሰብኩና ተውኩት። እንደገና «ብቻሽን?» ልትለኝ ነው።

ከኮረብታው ስወርድ ተረከዜ ቆስሏል። አረንጓዴ መስቀል ያለበት ፋርማሲ ገባሁ። ፋርማሲስቷ እንግሊዝኛ አይሆንላትም፣ እኔም ጣልያንኛ የለኝም። ግን እኮ አለኝ! «ፋሻ» አልኳት። ፊቷ በራ። «ፋሻ! ሲ ሲ!» አለችና አንድ ሙሉ ጥቅል የሚለጠጥ ፋሻ አምጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች። የተሰበረ እግር የሚጠመጠምበት ዓይነት። እኔ የፈለግኩት ፕላስተር ነው። እግሬን አሳየኋት፣ ጮክ ብላ ሳቀች፣ ትክክለኛውን አመጣች። ፋሻውንም ገዛሁት። በጣልያንኛ ተግባብቶ ማሳፈር አይሆንም።

«ካልሲ» ግን ያለ ምንም ችግር ሠራልኝ። መንገድ ላይ ጃንጥላና ኮፍያ የሚሸጥ ልጅ ወዲያው ነው ያወጣልኝ። ሁለት ቃል፣ ሁለት ዕቃ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን የሚሉትንም አውቃለሁ፤ መኪናዬ ብትበላሽ ኖሮ ቀኑን ሙሉ አወራ ነበር።

ሙቀቱ ሌላ ነው። ደግነቱ በየመንገዱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ቀን ከሌሊት ውሃ የሚያፈስሱ፤ ናዞኒ ይሏቸዋል፣ አፍንጫማዎቹ። የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጠቃል፣ ጎንበስ ብሎ መጠጣት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ፊቴን ታጠብኩበት፣ ሳልፈልግ። አንድ ሽማግሌ ቆመው እንዴት እንደሚደፈን አሳዩኝ። እሳቸውም ራሳቸውን ረጩ። ሁለታችንም ረጥበን ተለያየን።

ከዚያ የጥንቱ የሠረገላ ሩጫ ሜዳ፣ ቺርኮ ማሲሞ። አሁን ሣር ነው፣ ረጅም ባዶ ሜዳ። ጫማዬን አውልቄ ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። ከሜዳው ጫፍ ማዶ አንድ ትልቅ ነጭ ሕንጻ ይታያል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሲታነጽ ግን የጣልያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር። ሐውልታችንን በ1930 ዓ.ም. አምጥተው የተከሉት ለዚህ ነው፤ ከአክሱም የተነቀለው፣ ወደ 24 ሜትር የሚረዝመው ድንጋይ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ እንዲታይ።

ቦታው ፖርታ ካፔና አደባባይ ይባላል። ሄጄ ቆምኩ። መኪና በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ሐውልቱ የለም። መብረቅ ከመታው በኋላ በ1996 ፈታትተውት፣ በ1997 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ገብቶ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ የተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ይመለስ ብሎ ነበር። 18 ወሩ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። አሁን እዚያ አካባቢ ሁለት ትንንሽ ጥንታዊ አምዶች ናቸው ያሉት፣ በኒውዮርኩ የመንትያ ሕንጻዎች ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ።

ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ምንም የሌለበትን አየር እያየሁ። ከጓደኞቼ ጋር ብሆን ይሄ አይሆንም ነበር። አንዷ ፎቶ ልታነሳኝ ትፈልጋለች፣ ከምኑ ጋር? ሌላዋ «በቃ እንሂድ፣ ራበኝ» ትላለች። እውነቷን ነው ደግሞ። ማነው በዓይኑ የማይታይ ነገር ለማየት በሙቀት ግማሽ ሰዓት የሚቆምልኝ? ብቻዬን ስሆን ግን ማንንም አላስቸገርኩም። ቁመቱን በዓይኔ ለካሁ፤ ከሕንጻው ስንተኛው ፎቅ ድረስ ይደርስ ነበር ብዬ። ደስ አለኝ። ባዶ ቦታ አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አክሱም ሄጄ ግን የቆመበትን አላየሁትም፤ ይሄ ትንሽ አሳፈረኝ።

አበበ ፍጥነት የጨመረው ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው ይባላል። አብሮት የነበረው ሞሮኳዊው ራዲ እዚህ ቀረ። ከዚህ ሩጫው እስካለቀበት እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው የሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ ያለበት። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ ራዲን በ25 ሰከንድ ያህል በልጦ። ግድግዳው ላይ ድሉ 50 ዓመት ሲሞላው የተሰቀለ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ሰው አያየውም፣ እኔም ላልፈው ነበር። በዚያው በ50ኛው ዓመት የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የገባው።

እና እኔም አወለቅኩ። ምን አለበት፣ የሚያየኝ ዘመድ የለ። ጫማዬን በእጄ፣ ካልሲውን በኪሴ አድርጌ መራመድ ጀመርኩ። አሥራ አምስት እርምጃ ብሆን ነው። ድንጋዩ ምጣድ ነው! እየዘለልኩ ዛፍ ጥላ ሥር ገባሁ። አበበ የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው ነው በባዶ እግሩ የሮጠው ይባላል፤ የኔም አልተመቸኝም፣ መመሳሰላችን እዚያ ላይ አበቃ። የቀረውን መንገድ ጫማዬን ረግጬ፣ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተትኩ ጨረስኩት። ቅስቱ ሥር ስደርስ ቱሪስቶች ቅስቱን ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ አስፋልቱን አነሳሁ።

ማታ ጣቢያው አካባቢ አንድ የሐበሻ ቤት ገባሁ፤ ያ ሰፈር አማርኛና ትግርኛ ይሰማበታል። ሽሮ አዘዝኩ። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ነጠላ የለበሱ አንድ ትልቅ ሴትዮ ነበሩ። «ብቻሽን ነሽ እንዴ የኔ ልጅ? ነይ እዚህ» አሉኝና ሳህኔን ራሳቸው አንስተው ወሰዱት። የት እንደዋልኩ ነገርኳቸው። እጃቸው እንጀራው ላይ ቆመ።

«እኔ የመጣሁ ጊዜ ሰው ቤት ነበር የምሠራው» አሉ። «ፈቃዳችን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። የምንሄድበት የለን፣ ገንዘብ የለን። እሱ ሥር ሄደን እንቀመጥ ነበር። ዳቦ ይዘን።»

«ሲወስዱትስ እትዬ፣ ነበሩ?»

«እንዴታ! ሄጄ አየሁ እንጂ። እልል ብያለሁ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ግን የሚቀጥለው ሐሙስ የት ልሂድ? ግራ ገባኝ።» ሳቁ። «አሁን ምን አለ እዚያ?»

ሁለት ትንንሽ አምዶች አልኳቸው። «ወንበር አለው?» አሉኝ። ልብ አላልኩም ነበር።

ሒሳቡን አላስከፈሉኝም። በኤርፖርቱ ባቡር ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ። ቤት ስደርስ እናቴ ሻንጣዬን ስትፈታ ያን ጥቅል ፋሻ አገኘች። «ምነው፣ ወድቀሽ ነበር?» ጉልበቷን ያማታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ናት የምትጠመጥመው። የጣልያኑ ይሻላል ትላለች።