ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሸራ ጀልባ፦ መልህቁ የት ይጣል?

ጣና ጠዋት ያታልላል። ገና ፀሐይ ስትወጣ የዘጌ ዳርቻ ሁሉ እኩል የረጋ ነው፤ የትም ቢቆሙ ደህና ይመስላል። በበጋ ግን ከቀትር በኋላ የብሱ ሲግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ በባሕር ዳር በኩል ከሰሜን መጣ ማለት ነው። ማረፊያችሁን የሚወስነው ይህ የከሰዓት ነፋስ ነው። ከባሕረ ገብ መሬቱ በስተደቡብ፣ የቡናው ጫካ የሚከልለውን ጥግ ፈልጉ።

ጠዋት ለሸራ የሚበቃ ነፋስ ስለማይኖር የምትወጡት በሞተር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። መለዋወጫ ካንዴላና መፍቻ ይኑራችሁ። የዓባይን መውጫና የደንገሉን ጥግ ራቁ፤ ጉማሬ አለ። ታንኳ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ፣ ማዕበላችሁ ይገለብጠዋል። መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩን ወዲያው አጥፉና አንስታችሁ በእጅ ፍቱት። እባካችሁ አትቁረጡት፤ የሰው እንጀራ ነው።

መልህቅ የሚከዳው አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ሲያጥር ነው። አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ ስለሚስበው ከጭቃው ይነቅለዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የውኃው ጥልቀት 3 ሜትር፣ የጀልባው አፍንጫ ከውኃው በላይ 1 ሜትር ቢሆን፣ ድምሩ በ5 ተባዝቶ 20 ሜትር ይለቀቃል። ነፋሱ ከበረታ በ7 አባዙት። ከመልህቁ ቀጥሎ ያለው 4 ወይም 5 ሜትር ሰንሰለት ይሁን። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ መልህቁን ቀስ ብላችሁ አውርዱ እንጂ አትወርውሩ፤ ሰንሰለቱ ላዩ ላይ ተከምሮ ይተበትበዋል። ጀልባው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ገመዱን ልቀቁ፣ እሰሩ፣ ከዚያ ሞተሩን በቀስታ ወደ ኋላ አስነዱት። ዳር ላይ ፊትና ኋላ የቆሙ ሁለት ዛፎች በአንድ መስመር አስተያዩ፤ ዛፎቹ ከመስመር ወጥተው እየተራራቁ ከሄዱ መልህቁ እየተጎተተ ነው። ታቹ ድንጋይ ከሆነ መልህቁ ይሰነቀራል። ስለዚህ ከመጣሉ በፊት በጥፍሮቹ በኩል ባለው ጫፉ ላይ ቀጭን ገመድ እሰሩና የገመዱን ሌላ ጫፍ በባዶ ጀሪካን አንሳፉ፤ ሲያዝ በዚያ በኩል ወደ ኋላ ይሳባል።

ለመመለስ ከ8 ሰዓት አትለፉ። ሐይቁ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ሸራውን ገና ከጥጉ ሳትወጡ አጥፋችሁ አሳንሱት፤ መሐል ሐይቅ ላይ ማጠፍ ከባድ ነው። ነፋሱን ልክ ከጀርባችሁ ሳይሆን ትንሽ ከጎን አድርጉት፤ አለዚያ ሸራው በድንገት ወደ ሌላው ጎን ሲገለበጥ አግዳሚው እንጨት ጭንቅላት ይመታል። ሳይጨልም ግቡ፤ ታንኳዎቹ መብራት የላቸውም።