የውኃ ሥር ካርታ

ሰሞኑን ነገር ዓለሙ አስጠልቶኛል። ዛሬም ሥራዬን ትቼ የማይመለከተኝን ሳይ አመሸሁ። የድሮ ካርታ ነዋ፣ ሌላ ምን አለኝ። እሷ “ደግሞ ጀመረህ!” ብላኝ ተኝታለች።

አሁን የያዘኝ በፈረንጆቹ 1921 የተለካው የሳን ዋን ወንዝ ነው፤ አሜሪካ፣ ደቡብ ምሥራቅ ዩታ። ገደሉ ጋ ከፍታ የሚያሳዩት የኮንቱር መስመሮች እንደ ሹሩባ ተጠጋግተዋል። ጉስኔክስ የሚባለው ቦታ ላይ ወንዙ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠማዞ ወደፊት የሚሄደው 2 ተኩል አይሞላም። ሥራ ላይ እኔን ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወንዙን ይዞ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ሲሉ ሜክሲካን ሃት አለ። በ1908 ነዳጅ ወጣ ተብሎ ሰው የጎረፈበት ነው። መንገድ የለ፣ ባቡር የለ፤ የተመኙትን ያህልም አልሆነላቸው።

ቀያሾቹን ያመጣቸው ግን ውኃው ነው። ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን የተባለው የመብራት ኩባንያ ከመንግሥት የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ፣ ግድብ የት ይቁም እያለ ገደሉን በጀልባ አስለካ። በ1923 ግራንድ ካንየን የወረዱት ደግሞ ሬዲዮ ይዘው ነበር። የፕሬዚዳንት ሃርዲንግን ሞት እዚያ ገደል ውስጥ ሰሙ። የቀብሩ ዕለት ሥራ አቁመው ዋሉ። ማንም በማያያቸው ቦታ ለቅሶ ተቀመጡ! እኔ ብሆን ተኝቼ ነበር የምውለው።

በ1963 ሳን ዋን በሚገባበት በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የግሌን ካንየን ግድብ በሩ ተዘጋና የሳን ዋንም የታችኛው ሸለቆ ሐይቅ ዋጠው። ለግድብ ብለው የሳሉት ካርታ አሁን ግድቡ የደበቀውን ያሳያል።

ያንን ግድብ የሠራው የአሜሪካ ሪክላሜሽን ቢሮ በዚያው ሰሞን የኛን አባይም ያጠና ነበር። በ1964 ባወጣው ጥናት አራት ግድብ አለ፦ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ፣ ቦርደር። ቦርደር ያሉት አካባቢ ዛሬ ሕዳሴ ቆሟል።

ለሕዳሴ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ሲመረቅም እንደ ሕፃን ጨፍሬያለሁ። ጉባ ላይ ከሐይቁ ሥር አባይ በየት በኩል ይታጠፍ እንደነበር ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም። የዩታውን ጠይቁኝ፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ እነግራችኋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ ግን?