ሳይከፈቱ የቀሩት ኮሮጆዎች

እ.ኤ.አ. በ1792 ኒው ዮርክ ውስጥ ስለተደረገው የአገረ ገዥ ምርጫ ካነበብኩ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጆርጅ ክሊንተን ከ1777 ጀምሮ፣ ማለትም ግዛቷ የራሷን አገረ ገዥ መምረጥ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ፣ ሥልጣን ላይ ነበር። ሊገዳደረው የተነሳው ጆን ጄይ ደግሞ የአሜሪካ የመጀመሪያው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ድምፅ መስጠት የሚችለው 100 ፓውንድ የሚያወጣ የራሱ መሬት ያለው ወንድ ስለነበር፣ መራጩ ራሱ ጥቂት ነበር።

ጣጣው የመጣው ከቆጠራው ነው። ያኔ ድምፁ በየአካባቢው አይቆጠርም ነበር። የየካውንቲው (የአውራጃው) ሸሪፍ፣ ማለትም ሕግ አስከባሪ ሹሙ፣ ኮሮጆውን ለግዛቱ ጸሐፊ ያስረክብ ነበር፣ ከዚያ ከግዛቱ ምክር ቤቶች የተውጣጡ 12 ሰዎች ይቆጥሩት ነበር። ታዲያ ኦትሴጎ የሚባለው ካውንቲ ሸሪፍ የሥራ ዘመኑ አልቆ ተተኪው ገና ሥራ አልጀመረም ነበር፤ ኮሮጆውን የላከው ዘመኑ ያለቀው ሸሪፍ ነው። ቲዮጋ ከሚባለው ካውንቲ የመጣውን ደግሞ አድራሹ መንገድ ላይ ታሞ ለሌላ ሰው ሰጠው። ክሊንተን በሚባለው ካውንቲም (ስሙ ከአገረ ገዥው ጋር አንድ ነው) ያደረሰው ሰው በጽሑፍ የተሰጠ ውክልና አልነበረውም።

ቆጣሪዎቹ እነዚህ ኮሮጆዎች ይቆጠሩ ወይስ ይጣሉ ብለው ሲጨነቁ ግዛቷን በአሜሪካ ሴኔት የሚወክሉትን ሁለት ሴናተሮች አማከሩ። ሩፉስ ኪንግ የኦትሴጎው ይቆጠር አለ፣ አሮን በር አይቆጠርም አለ። በመጨረሻ አብዛኞቹ ቆጣሪዎች የክሊንተን ሰዎች ስለነበሩ የሦስቱንም ጣሉት። ውጤቱ ክሊንተን 8,440፣ ጄይ 8,332 ሆነ። ልዩነቱ 108 ድምፅ ብቻ! ኦትሴጎ ደግሞ የጄይ ደጋፊዎች የበዙበት ቦታ ነበር። እርግጥ እዚያ የጄይ ዋና ቀስቃሽ የነበረው ዊሊያም ኩፐር መራጩን አስፈራርቷል ተብሎ ተከሷል፤ ግን ኮሮጆው የተጣለው በዚህ ምክንያት አይደለም።

ያልተቆጠሩት ወረቀቶች ተቃጠሉ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ገበሬው መርጦ ቤቱ ገብቷል፣ ኮሮጆውን ማን ተሸክሞ እንደሄደ እሱ ምን አገባው?

ደጋፊዎቹ በቁጣ ጉባኤ ይጠራና ውጤቱ ይሻር ሲሉ ጄይ ራሱ ተረጋጉ አላቸው። በዚህ በጣም አከብረዋለሁ፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገር ግዛቷ ልትታመስ ትችል ነበር። በ1795 ክሊንተን አልወዳደርም ሲል ጄይ ተመረጠ፣ ያውም ድምፅ ሲሰጥ ከእንግሊዝ ጋር ውል ሊዋዋል በሄደበት ገና አገሩ ሳይገባ።