የዱቤ ደብተሩ ያሳየኝ

በጥቅምት 2017 መጨረሻ የሰፈራችን ባለሱቅ ደብተሩን ገልጦ የወሩን ዱቤ ሲደምርልኝ 4,860 ብር ሆነ። ደነገጥኩ። ደብተሩን ተቀብዬ መስመር በመስመር አነበብኩት፤ ሁሉም እኔ የወሰድኩት ወይም ልጆቼን ልኬ ያስመጣሁት ነው። ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት እንቁላል፣ እንደገና ግማሽ ሊትር ዘይት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጥፋቱን ሁሉ በኑሮ ውድነት ላይ ጥዬ ነበር። ውድነቱ እውነት ነው። ግን በዚያ ወር ዘይት የገዛሁት ዘጠኝ ጊዜ ነው፣ ያውም በግማሽ ሊትር። ከባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ዋጋ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ሌላ አንድ ሊትር ለመግዛት ምንም አይቀረውም።

ታዲያ ጀሪካኑን መግዣ አንድ ላይ የተቀመጠ ብር ከየት ይምጣ? ችርቻሮ ውስጥ የሚያስቀረን ይኸው ነው። ለእኔ መውጫ የሆነኝ ዕቁብ ነው። ኅዳር ላይ በሳምንት 500 ብር የሚጣልበት የ24 ሰው ዕቁብ ገባሁ። ብሩን የምፈልገው አዲሱ እህል ገበያ በሚገባበት በጥርና በየካቲት መሆኑን ለዳኛው ነገርኩት፤ ጥር ላይ ዕጣ የወጣላት ጎረቤቴ ተራዋን ለቀቀችልኝ። በ12,000 ብሩ ግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ አምስት ኪሎ ዛላ በርበሬ፣ ለሽሮ የሚሆን ሽምብራ ገዛሁ። ጤፉን መርካቶ እህል በረንዳ ሄጄ ነው ያመጣሁት። በርበሬውን ቀንጥሼ፣ አስጥቼ፣ ቅመሙን ራሴ አዘጋጅቼ ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። ድካም አለው፤ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ወስዶብኛል።

ቅቤን ደግሞ በመጋቢት፣ በዓቢይ ጾም መሃል ገዛሁ። ፈላጊው ስለሚቀንስ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ለፋሲካ ሲቃረብ አይቀመስም። በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሬ በማሰሮ አስቀመጥኩት፣ ለበዓሉም ከዚያው ወጣ።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ እስኪግል የሚበላው ኃይል ቀላል አይደለም። ድሮ ሲያልቅብኝ ትንሽ ትንሽ እየጋገርኩ በሳምንት አራት ጊዜ እለኩሰው ነበር፤ አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። ካጠፋሁት በኋላ በቀረው ሙቀት አብሽ አምሳለሁ ወይም የተረፈ እንጀራ ለድርቆሽ አደርቃለሁ። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

የከሰርኩበትም አለ። ሰኔ ላይ ሽንኩርት ረከሰ ብዬ 25 ኪሎ ገዝቼ ከነማዳበሪያው ማዕድ ቤት ጥግ አቆምኩት። ክረምቱ፣ እርጥበቱ፣ የታፈነው ማዳበሪያ ተደምረው ግማሹን አበሰበሱብኝ። እያለቀስኩ ነው የጣልኩት። በብዛት መግዛት የሚያዋጣው የሚቀመጥ ነገር ሲሆን፣ ማስቀመጫውም አስቀድሞ ሲታሰብበት ነው። አሁን ሽንኩርት ከእሁድ ገበያ ከአምስት ኪሎ በላይ አልገዛም፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ዘርግቼ ነው የማስቀምጠው።

ባለሱቁ ቅር እንዳይለው ፈርቼ ነበር። በቸገረን ጊዜ ሁሉ ሳይሰለች የሰጠን ሰው ነው። ሄጄ በግልጽ ነገርኩት። «ምንም አይደል እትዬ፤ ለእኔም ጥሬ ብር ይሻለኛል፣ የሚያከፋፍሉኝ ሰዎች ዱቤ አይሰጡኝም» አለኝ። ሳሙናና ክብሪት አሁንም ከእሱ ነው የምገዛው፣ በእጅ በእጅ እየከፈልኩ። ልጆቼንም በደብተር እንዳያስጽፉ ነግሬአቸዋለሁ፤ ትንሿ ግን ለብስኩት አንዳንዴ ታመልጠኛለች።

በጥቅምት 2018 ያንኑ ደብተር ሲገልጥልኝ የወሩ ዱቤ 640 ብር ነበር። አዲሱ ዕቁብ ተጀምሯል፤ ዕጣዬ ገና አልወጣም፣ ዳኛውን ግን ለጥር አስቀድሜ ነግሬዋለሁ።