ቀስት ያለበት ፎልደር

ሰኔ 28 ቀን ነበር። ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው የሰኔን መጨረሻ ያውቀዋል። በጀት ይዘጋል፣ ምሳም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይበላል። ቢሯችን ከስታዲየም ወደ ለገሃር ሲወረድ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ነው፤ እኔ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የሒሳብ ሹሟ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። "ልጄ፣ ቶሎ ውረድልኝ። የዓመት ሥራዬን ቫይረስ በላው!"

ወረድኩ። የቢሮው ፕሪንተር ቀለም ጨርሶ ስለነበር፣ ጠዋት አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብተው ሪፖርት አሳትመው ነው የመጡት። ፍላሹን ሳየው ፎልደሮቹ በስማቸው ተደርድረዋል። ግን እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። መጠናቸው 2 ኪሎባይት ብቻ። አጠገባቸው የሚሠራው ልጅ ማውሱን ይዞ "እትዬ፣ ፎርማት ይደረግ፣ ሌላ መላ የለውም" ይላል። እጁን ያዝኩት።

ፍላሹ 8 ጊጋ ነው። የያዘውን መጠን የምታሳየው ሰማያዊ መስመር ከግማሽ በላይ ሞልታለች። ፋይሎቹ ጠፍተው ቢሆን ኖሮ መስመሯ ባዶ ትሆን ነበር። አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ቀስት ያለበት ነገር ፎልደር መስሎ የተቀመጠ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ነው። ሲጫኑት መጀመሪያ ተንኮለኛውን ፕሮግራም ያስነሳና ወዲያው እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። እትዬ ሦስቴ ከፍተውታል።

ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ አትሪብ የሚባለውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ የተደበቀውን የሚገልጥ ነው። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እትዬ "ተመስገን!" ብለው ወንበራቸውን ተደገፉ። ያን ቀን ስንቱ ሰው ፎርማት አድርጎ ሥራውን በገዛ እጁ እንዳጠፋ ሳስብ አንጀቴ ተላወሰ።

ከዚያ ኮምፒውተራቸውን በአንቲቫይረስ ማጽዳት ጀመርኩ። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። የኔትወርክ ገመዱ ግን እንደተሰካ ነው። ሳልጨርስ ከንብረት ክፍል ተደወለ፤ የጋራ ፎልደሩ ቀስት በቀስት ሆኗል። እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት ኮምፒውተር ተይዟል።

ስህተቱ የኔ ነው። ቫይረስ ሲሉኝ ቫይረስ ብዬ ሄድኩ። እኛ አገር ኮምፒውተር የሚያውክ ነገር ሁሉ ቫይረስ ነው፤ እትዬ እንዲያ ቢሉ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን መለየት ነበረብኝ። ቫይረስ ሌላ ፕሮግራም ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ያ ፕሮግራም ካልተከፈተ አይነቃም። ዎርም፣ በኛው ትል፣ ተሸካሚ አይፈልግም። አንዴ ከነቃ ራሱን እያባዛ ያገኘውን ፍላሽና የጋራ ፎልደር ሁሉ ያዳርሳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያስጨነቀው ዋናክራይ ትል ነበር። ከ150 በላይ አገሮች ሲደርስ ማንም ምንም እንዲጫን አላስፈለገውም። ፋይል ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ስለሚጠይቅ ደግሞ ራንሰምዌር ነው፤ አንዱ ነገር ሁለት ስም ሊይዝ ይችላል። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ትሉ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው ሁለት ወር ቀድሞ ነው።

ትል ከሆነ መጀመሪያ የሚነቀለው ገመዱ ነው። ጽዳቱ ይደርሳል።

ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘውን ስዊች አጥፍቼ ስድስቱንም አንድ በአንድ አጸዳሁ። ማታ 4 ሰዓት ሆነ። በሁለቱ ላይ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ከኢንተርኔት ያወረደው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ተገኘ፤ ውስጡ ትሮጃን ነበረበት። ጠቃሚ መስሎ የሚገባ፣ ባለቤቱ ራሱ በሩን የሚከፍትለት ማለት ነው።

አሁን ከውጭ የመጣ ፍላሽ የሚፈተሽበት፣ ኔትወርክ ላይ ያልተሰካ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እንግዳ መቀበያው አጠገብ አለ። መጀመሪያ ሰው አጉረመረመ። እትዬ ግን አንድም ቀን አላለፉትም።

ባለፈው ወር ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ከአንድ ደንበኛ በኢሜይል በመጣ ፋይል ውስጥ ቀስት አየሁ። አልነካሁትም። ገመዱን ነቅዬ ነው የምጠብቅህ።"