ፓርኪንግ የሆነው ሜዳ፦ የመጀመሪያውን የኮሌጅ ፉትቦል ቦታ እንዴት እንደፈለግኩት

ኒው ጀርሲ ኒው ብራንዝዊክ ከተማ ውስጥ ኮሌጅ አቨኑ የሚባል መንገድ አለ፣ እዛ ላይ የረትገርስ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ጂም ቆሟል፣ ከኋላው ደሞ ፓርኪንግ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የመጀመሪያ ጨዋታ ተብሎ የሚቆጠረው እዚህ መሬት ላይ ነው የተካሄደው፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1869 (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ረትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 አሸነፈ። ሜዳው ኮሌጅ ፊልድ ይባል ነበር። ዛሬ ከሜዳው የቀረ ነገር አይታይም፣ ቆርጬ የተነሳሁት ለዚህ ነው፣ በዚህ ሀገር በየሳምንቱ በመቶ ሺህ ሰው ስታዲየም የሚሞላ ጨዋታ የተጀመረበት ቦታ እንዴት መኪና ማቆሚያ ሆኖ ይቀራል ብዬ።

አንዳንዶቻችሁ እንዴት እንደሰራሁት ስለጠየቃችሁኝ ሂደቱን እጽፋለሁ፣ ሌላ የጠፋ ቦታ የምትፈልጉም ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ እኔም ማፕ ከመክፈቴ በፊት የጨዋታውን ሕግ ነው ያጠናሁት። በዛን ቀን የተጫወቱት ዛሬ ቲቪ ላይ የምናየውን አይደለም። በአንድ ወገን 25 ሰው፣ ኳሷ ክብ፣ ይዞ መሮጥ የለም፣ መወርወርም የለም፣ በእግር መምታትና በእጅ መትቶ ማሳለፍ ብቻ። ከ25ቱ 11ዱ በራሳቸው ግማሽ ሜዳ ይከላከላሉ፣ 12ቱ ኳሷ ወደሄደችበት ወደላይ ወደታች ይሮጣሉ፣ ሁለቱ ደሞ እዛው የተጋጣሚው ጎል አፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ዛሬ ቢሆን ሙሉ ቀን ኦፍሳይድ ነበሩ ማለት ነው። ባጭሩ ለኛ እግር ኳስ የሚቀርብ ጨዋታ ነው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ስፋቱን ይነግራችኋላ። የሜዳው ልክ 360 በ225 ጫማ ተብሎ ነው የሚጠቀሰው፣ በሜትር ወደ 110 በ69 ገደማ። የዛሬው የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ከነኤንድ ዞኑ (በሁለቱ ጫፍ ካለው የነጥብ ማስቆጠሪያ ክልል ጋር) 360 በ160 ጫማ ነው፣ ርዝመቱ እኩል ሆኖ ወርዱ በጣም ይጠባል። 105 በ68 ከሆነው ከኛ የእግር ኳስ ሜዳ ጋር ስታስተያዩት ግን በጣም ይቀራረባሉ። የዛሬውን ቀጭን ሜዳ በአእምሮው ይዞ የድሮ ማፕ ላይ የሚፈልግ ሰው የተሳሳተ መሬት ነው የሚፈልገው፣ እኔ የፈለግኩት ሰፋ ያለ 50 ሰው የሚራወጥበት ሜዳ ነው። ያኔ ቦታው ላይ ምን ሊያርፍ እንደሚችል ከምን ጋርም እንደማይሄድ መለየት ይቻላል።

ቀጥሎ ወረቀት። ታርገም የሚባለው የረትገርስ ተማሪዎች ጋዜጣ በዛው ወር ስለጨዋታው ጽፏል። የዩኒቨርሲቲው የአርካይቭ (የድሮ ሰነዶች) ክፍል ያለው አሌክሳንደር ላይብረሪ ነው፣ እሱም እዛው ኮሌጅ አቨኑ ላይ ነው፣ አንብባችሁ ስትወጡ በእግር ሜዳው ጋ ትደርሳላችሁ። ወደ እንደዚህ አይነት ቦታ ስትሄዱ ቀድማችሁ ጻፉላቸው፣ የምትፈልጉትን ዓመትና ወር ለይታችሁ ጥቀሱ፣ እስክሪብቶ አያስገቡም እርሳስ ያዙ። ደሞ "ስለ ፉትቦል ታሪክ ያላችሁን ስጡኝ" አትበሉ፣ "የኖቬምበር 1869 እትም" ስትሉ ነው ባለሙያዋም በደንብ የምትረዳችሁ፣ እኔን የረዳችኝ ሴት ያልጠየቅኳትን ሁሉ አምጥታልኛለች፣ እግዜር ይስጣት።

ከዛ ትዝታዎቹ አሉ፣ ተጫዋቾቹ ከአስርት ዓመታት በኋላ ሽማግሌ ሆነው ያወሩት። እዚህ ጋ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የዛን ሳምንት ወሬ እና ከ40 እና 50 ዓመት በኋላ የተነገረ ወሬ እኩል አይመዘንም፣ እኔ ሁለት ዶክመንት ከፍቼ ለየብቻ ነው ያስቀመጥኳቸው። የዘገየውን ትዝታ ግን ጭራሽ መጣል አይገባም፣ ምክንያቱም ሰው ማን መቼ ጎል አገባ የሚለውን ቢያምታታም ስለቦታው ሳያስበው ጣል የሚያደርገው ነገር ወርቅ ነው።

ለምሳሌ አጥሩ። የረትገርሱ ጆርጅ ላርጅ እና ማይክል የሚባለው ግዙፉ የፕሪንስተን ልጅ ኳሷን ተከትለው ሲበሩ ተመልካቾች የተቀመጡበት አጥር ላይ ሄደው ይላተማሉ፣ አጥሩ ከነተቀማጮቹ ይወድቃል። ይሄን ታሪክ ሰው ሁሉ ለሳቅ ነው የሚያወራው። እኔ ግን አስር ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምክንያቱም ውስጡ ሦስት ነገር አለ፦ ሜዳው በአጥር የተከለለ ነበር፣ አጥሩ ሰው የሚቀመጥበት አይነት ነበር፣ ከጨዋታው መስመርም ሩቅ አልነበረም። ወንበር የለም፣ ትሪቡን የለም፣ መቶ የሚሆን ሰው ነው የመጣው፣ ገሚሱ አጥር ላይ። ስለዚህ ማፕ ላይ የምፈልገው ስታዲየም የሚመስል ነገር ሳይሆን የታጠረ ባዶ መሬት ነው ማለት ነው።

ማፕ ላይ የሳንቦርን ማፖችን ነው የምመክራችሁ። ለእሳት ኢንሹራንስ ተብለው የተሰሩ ናቸው፣ እያንዳንዱ ቤት ከምን እንደተሰራ በቀለም ያሳያሉ፣ ሮዝ ጡብ ነው፣ ቢጫ እንጨት። የኮንግረስ ላይብረሪ በነፃ ኦንላይን ጭኗቸዋል። ያው ኢንሹራንስ ሻጭ ስለ ሳር ግድ የለውም፣ ስለዚህ ሜዳ ተብሎ የተጻፈ አትጠብቁ፣ የተለያየ ዓመት ማፕ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ባዶው ቦታ እንዴት እየጠበበ እንደመጣ እዩ። ከዛ በፊት ላለው ጊዜ በ1876 የታተመ የሚድልሴክስ ካውንቲ አትላስ አለ። ድሮውን ከዛሬው ጋር ለማነባበር ጎግል ኧርዝ ላይ ምስሉን ደርባችሁ ማደብዘዝ ትችላላችሁ፣ ዋናው ነገር ያልተነቃነቀ ነገር ይዛችሁ መነሳት ነው። እኔ የያዝኩት በ1809 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውን ኦልድ ኩዊንስ የሚባለውን ሕንፃ እና የባቡር ሀዲዱን ነው። የመንገድ ጠርዝ ላይ አትመኩ፣ መንገድ ይሰፋል።

ሜዳው የጠፋው ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ቡድኑ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኒልሰን ፊልድ ወደሚባል ሌላ ሜዳ ሄደ። በ1930 ባለንታይን የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ጂም ተቃጠለ፣ በምትኩ አዲሱ ጂም በዛው ኮሌጅ ፊልድ መሬት ላይ ተሰራ፣ በቃ። ጂሙ ራሱ ታሪክ አለው፣ በ1947 ዛሬ ኒው ጀርሲ የምትተዳደርበት ሕገ መንግሥት የተረቀቀው እዛ ውስጥ ነው። ግን የዛን ጊዜ ሜዳው ምልክት ቢደረግበት፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ድንጋይ እንኳን ቢቀበር ምን ነበር እላለሁ ሁሌ። በ1930 እኮ ጆርጅ ላርጅ በሕይወት ነበር፣ የሞተው በ1939 ነው፣ በጣቱ ይጠቁማቸው ነበር። ሌላም ነገር አይቷል ላርጅ፦ ረትገርስ ከዛ ከ1869 ድል በኋላ ፕሪንስተንን ድጋሚ ለማሸነፍ እስከ ኖቬምበር 1938 ጠብቋል፣ ከከተማው አጠገብ ያለውን ወንዝ ተሻግሮ አዲስ ስታዲየም ሲመርቅ 20 ለ 18። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት! ከ1869ኙ ድል አንድ ሳምንት በኋላ ፕሪንስተን በራሱ ሜዳ 8 ለ 0 አራግፏቸው ነበርና ነው ያ ሁሉ ዘመን ቂም የሆነው።

የመጀመሪያው አይባልም የሚሉም አሉ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ የመጣው ሃርቫርድና የካናዳው ማክጊል በሜይ 1874 ከተጋጠሙ በኋላ ነው ብለው። ስለ ጨዋታው ሕግ ካወራን እውነታቸውን ነው። ሁለት ኮሌጆች ፉትቦል ብለው ቀጠሮ ይዘው፣ በባቡር መጥተው፣ ተጋጥመው፣ ማታ አብረው እራት የበሉበት ግን ኒው ብራንዝዊክ ነው፣ ለእኔ ኮሌጅ ስፖርት የሚባለው ነገር እሱ ነው።

የሃርቫርድና የማክጊል ጨዋታ የተደረገበት ቦስተን አጠገብ ካምብሪጅ ያለው ጃርቪስ ፊልድም ሕንፃ በልቶታል። ቀጥሎ የምሄደው ወደሱ ነው፣ የሳንቦርን ማፖቹን ማውረድ ጀምሬያለሁ። ቦስተን አካባቢ ያላችሁ ጊዜ ያላችሁ ሰዎች፣ አርካይቭ አብሮኝ የሚቀመጥ ካለ በጣም ደስ ይለኛል።